ከርከሮ የቆፈረው ድንበር

ያን ክረምት ማንንም አላምንም ነበር። ጠዋት በሩን ከፍቼ ስወጣ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ወይም ከታች የተዘረጋውን ሐይቅ አይደለም፤ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ቁራጭ መሬት ነው። ከርከሮ ሲገለብጣት ካደረ እርጥቡ አፈር ጠቁሮ፣ ሳሩም ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ተጋድሞ ይጠብቀኛል። ከዚያ ቀና ብዬ የጎረቤቴን አጥር አያለሁ። የሱ አጥር አንድም ቀን ተነክቶ አያውቅም። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል፤ እኔ ደግሞ ገንፎው ሳይገነፋ፣ ገና ዱቄቱ ሲነፋ የምጠረጥር ሰው ነኝ።

እድሜዬን ደሴ ሳስተምር ኖሬ፣ አባቴ ሲሞት ጡረታዬን ይዤ እናቴን ልጦር ወደ ሐይቅ ተመለስሁ። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው፤ መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ከላይ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ በቀጥታ የጀርባውን ግድግዳ ነው የሚመታው። ለዚህ ሲል አባቴ ከግድግዳው አራት እርምጃ ርቆ ቦይ ቆፍሯል፤ ጎርፉ እዚያ ገብቶ ቤቱን ዞሮ ይሄዳል። ቦዩ ቢዘጋ ያ ግድግዳ አንድ ክረምት አይችልም። የእናቴ አልጋ ደግሞ እሱኑ ግድግዳ ተጠግቶ ነው ያለው።

አባቴና ጎረቤታችን ቦዩ ባለባት ቁራጭ መሬት ሲነታረኩ ነው ያረጁት። አባቴ ድንበሩ ከቦዩ ማዶ በተርታ የተተከለው እሬት ነው ይል ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ የለም፣ ድንበሩ ከቦዩ ወዲህ ነው፣ ድንጋይ ነበረበት ይላል። ድንጋዩን ግን ያሳየ የለም። የይዞታ ደብተራችን አዋሳኙ እሱ መሆኑን ይናገራል እንጂ እዚህ ጋ ነው ብሎ ጣቱን አይጠቁምም። የቅሬው ዳኛ፣ ያው የቀብር ማኅበራችን አለቃ፣ ስንት ጊዜ ተጠርቶ ስንት ጊዜ ሳያስማማቸው ሄዷል። አባቴ ያንን ንትርክ ከነቤቱ አወረሰኝ፣ እኔም ሳልመረምር ተቀበልሁ።

ጎረቤቴ በአስር ዓመት ይበልጠኛል። ሙስሊም ነው፤ ለሱብሒ ሶላት ከሁሉ ቀድሞ ስለሚነሳ በመንደሩ ሳያየው የሚያልፍ ነገር የለም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንቱታውን ከነፈግሁት ቆይቷል።

ከርከሮዎቹ መምጣት የጀመሩት ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው። ያስገረመኝ መምጣታቸው አልነበረም፤ አካባቢው ቁጥቋጦ ነው፣ ድሮም ይመጣሉ። ያስገረመኝ የሚመርጡት ቦታ ነው። በጎን በኩል በቆሎ አለኝ፤ ዱባዬ አጥሩ ላይ ተንጠላጥሏል። እነሱ ግን ያንን ሁሉ አልፈው ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ላይ ያለችውን አንዲት ቦታ ብቻ ይቆፍራሉ። ጉድጓዱ ወደ መሠረቱ እየቀረበ ሲሄድ ከድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ መራገፍ ጀመረ።

ጣሳ በገመድ አንጠለጠልሁ። የቀጋ እሾህ ቆርጬ ከመርሁ። በመጨረሻ ሳስተምር እለብሰው የነበረውን ነጭ ጋዋን እንጨት ላይ ሰቅዬ ማስፈራሪያ አቆምሁ። በማግስቱ ጋዋኑ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ኪሱ ውስጥ አፈር ሞልቶ አገኘሁት።

እናቴ ከደጃፉ ሆና አይታ ሳቀች። «ተማሪ ያልፈራውን ከርከሮ ይፍራው?» አለችኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ከተገለበጠው አፈር ውስጥ ግማሹ የተበላ ስኳር ድንች አገኘሁ። አንስቼ በመዳፌ ይዤ ቆምሁ። በጓሮዬ ስኳር ድንች የለም። በጎረቤቴ ጓሮ ግን ሁለት መደብ ሙሉ አለ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ፦ ሰውየው ለከርከሮ ምግብ እየቀበረ ግድግዳዬን ሊያስንድ ነው። ቤቱ ሲወድቅ እናቴን ይዤ ወደ ደሴ እሄዳለሁ፣ መሬቲቱም ለሱ ትቀራለች።

በዚያው ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። «መምህር፣ ያ ነጃሳ ዛሬም ጎበኘህ?» አለኝ፤ ርኩስ ማለቱ ነው፣ ከርከሮውን።

«ጎበኘኝ።»

«እዚያ ቦታ ጉዳይ ቢኖረው ነው» አለና ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ስፈታ ስቋጥር ዋልሁ።

ሐምሌ ላይ ነው ድንጋዩ የወጣው። በዚያ ጠዋት ጉድጓዱ ከወትሮው ጠልቆ ነበር። ሥሩ ላይ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ተጋድሟል። በጎኑ ብቅ ያለውን አፈር በጣቴ ጫር ሳደርግ ከሰል ነው። በኛ በኩል የቆዩ ሰዎች ድንበር ሲለዩ ከድንጋዩ ሥር ከሰል ይቀብራሉ። ድንጋይ ይነሳል፣ እንጨት ይበሰብሳል፤ ከሰል ግን መቶ ዓመት ቢቀመጥ ከሰል ነው። ይህን የነገረኝ ራሱ አባቴ ነበር።

ከድንጋዩ እስከ ግድግዳችን ሁለት እርምጃ። ቦዩ ከነሙሉ አካሉ ከድንጋዩ ማዶ። ጎረቤቴ እድሜውን ሙሉ እውነቱን ሲናገር ኖሯል ማለት ነው። እፍረት ተሰምቶኝ ነበር ብል ደስ ባለኝ። የተሰማኝ ግን ፍርሃት ነው፦ ሰውየው ይህን ካየ ቦዩን ይወስዳል፣ ቂሙ አርባ ዓመት የቆየ ነውና ይደፍነዋል፣ ግድግዳው ይወድቃል። ግራ ቀኝ አየሁ። ድንጋዩን አቅፌ ወደ ቤት ገባሁና የእናቴ የውሃ ጋን ከሚቀመጥበት ድንጋይ ጋር ለውጬ ከሥሩ አጋደምሁት።

እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«ምን ሆነ?» አለች።

«ጋኑ ተንገዳግዶብሽ ነው፤ ላስተካክለው ብዬ።»

«መቼ ነው የተንገዳገደው?»

«ትናንት።»

ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ቀጥሎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ያህል አላናገረችኝም። እርጅና ነው አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። ጠዋት ጉድጓዱን እደፍናለሁ፣ በማግስቱ ተቆፍሮ አገኘዋለሁ። ድንጋይ ባስቀምጥ ተነስቶ፣ እሾህ ብከምር ተገፍቶ። ከሰሉ እንዳይታይ እያንዳንዱን ስባሪ ለቅሜ ላወጣው ሞከርሁ፤ ከአፈሩ ጋር ተደባልቋል፣ አልጨርሰው አልሁ። ጎረቤቴ ሰላም ባለኝ ቁጥር ያውቅ ይሆን እላለሁ። ዝም ሲለኝ ደግሞ በእርግጥ አውቋል እላለሁ። የእናቴ የንስሐ አባት ቤታችን መጥተው ከጋኑ ውሃ ሲጠጡ እንኳ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ ስከታተል ነበር።

«መምህር፣ ምን ተክለህ ነው በየጠዋቱ የምትደፍነው?» አለኝ ጎረቤቴ አንድ ቀን።

«ከርከሮው ግድግዳዬን እንዳይጥለው ነው!» ብዬ ጮኽሁበት። እንዲህ መጮኼን እሱም ታዝቦ መሆን አለበት።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታም ተያዘ። እናቴ ሰማንያ ቢጠጋትም በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ትወጣለች፤ ቅዳሴውን ቆማ ታስቀድሳለች፤ ቁርባን ሲደርስ ግን ወደ ዛፉ ሥር ዘወር ትላለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ አልቆረበችም። ስጠይቃት እግሬን ያመኛል ትለኛለች። ያመመው እግር እስከዚያ ድረስ እንዴት እንደወሰዳት ጠይቄ አላውቅም። ሌላው ያስደነቀኝ የምግብ ፍላጎቷ ነው። ከሐይቅ ገበያ የማመጣላት ስኳር ድንች በሦስት ቀን ያልቅ ነበር። ጾም ሆዷን ከፈተው ብዬ በልቤ ተደሰትሁ፤ ሌላ ገዝቼ ሞላሁላት።

በሱባኤው አጋማሽ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጎህ ሲቀድ ስወጣ ቦዩ ውስጥ አንድ ትልቅ ከርከሮ ሞቶ ተሰንቅሯል። እግሮቹ ወደ ላይ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ልክ በልኩ የተሠራ ውታፍ ሆኖ ነበር። ጎርፉ እሱን መግፋት አቅቶት ወደ ኋላ ተጠራቅሟል፤ ዳር ዳሩን ሞልቶ ወደ ግድግዳችን መፍሰስ ጀምሯል። የጭቃው ግርጌ አንድ ክንድ ያህል ረጥቦ ጠቁሯል። ሮጬ ገብቼ የእናቴን አልጋ ወደ ሌላው ጥግ ጎተትሁ።

ተመልሼ ስወጣ ጎረቤቴ አጥሩ ጋ ቆሟል። «አዑዙ ቢላህ» አለ አፍንጫውን ይዞ።

«ያንሱት እንጂ!» አልሁት።

«እኔ? መሬቱ ያንተ አይደል?»

«የኔ ነው ሲሉ የኖሩት እርስዎ አይደሉም?»

«ነበርሁ። ዛሬ ያንተ ነው ብያለሁ፤ አፉ በለኝ።»

ነገሩ የሚያስቅ ነው፣ ያኔ ግን አልሳቅሁም። የሞተ እንስሳ የወደቀበት ባለመሬት ያነሳል፤ የቅሬው ደንብ ነው። በሬ ወይም አህያ ቢሆን ጎረቤት ያግዛል። ይህ ግን ክርስቲያኑም እስላሙም የማይነካው ነው። አህያ የሚያውስ የለም፣ ገመድ የሚያውስ የለም። የነካው ሰው ስንት ቀን ከሰው ጋር ማዕድ እንደማይቀርብ እግዜር ይወቅ። እኔ ደግሞ በፍልሰታ በዓል ልቆርብ አስቤ ነበር። በዚያ ላይ የከርከሮው የኋላ እግር ላይ የገመድ ምልክት ያየሁ መሰለኝ። ጎትቶ ያመጣው እሱ ነው አልሁ በልቤ። እኔን ሊያረክሰኝ ነው።

ሰው ተሰበሰበ። የቅሬው ዳኛ መጣ፤ የእናቴ የንስሐ አባትም ከኪዳን ሲመለሱ ግርግሩን አይተው ጎራ አሉ። ዳኛው አንዴ ሬሳውን፣ አንዴ እኛን አየን።

«በዚች መሬት ስንት ጊዜ ጠርታችሁኛል?» አለ። «የኔ ነው፣ የኔ ነው ስትሉ ጆሮዬን አደነቆራችሁት። እስኪ ዛሬ የማን ነው?»

ሁለታችንም እኩል እጃችንን አንዳችን ወደ ሌላችን ዘረጋን። ሰው በሙሉ ሳቀ።

ውሃው ግን አልሳቀም። የግድግዳው እርጥበት ወደ ላይ እየወጣ ነበር፤ ከመሠረቱ አንድ ድንጋይ ሾልኮ ሲወድቅ ሰማሁ። ቶሎ ማለቅ አለበት። ደግሞም ላሸንፈው ፈለግሁ፣ ይህን አልክድም። ዛሬ የሱ ነው ብዬ ነጃሳውን ላሸክመው፣ ነገ የተናገርሁት በጭንቅ ነው እላለሁ።

«የሳቸው ነው!» አልሁ። «በሰው ፊት እመሰክራለሁ፣ የሳቸው ነው።»

ዳኛው ወደ ሰው ዞረ። «ሰማችሁ? ምስክር ሁኑ። ከየት እስከ የት ነው የሳቸው?»

ዱላዬን ሰነዘርሁ። እሬቱን ላሳይ አስቤ ይሁን ቦዩን፣ እስከዛሬ አላውቅም። የዱላው ጫፍ ያረፈው ግን በየጠዋቱ ስደፍናት በነበረችው ጉድጓድ ላይ ነው። እጄ አንድ ወር ሙሉ ሌላ ቦታ አያውቅም ነበር።

«ከዚህ ወዲያ» አልሁ።

«እንግዲያው አሁኑኑ ድንጋይ ይተከል፤ ነገ መካካድ ይመጣል» አለ ዳኛው። አንዱ ዶማ ያዘ። ሁለቴ ሲመታ ከሰል ወጣ። ከከሰሉ ጋር አንድ ሙሉ፣ ገና ያልተነካ ስኳር ድንች ተንከባሎ ወጣ፤ እሱን ያስተዋለ ግን ከኔ በቀር አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚያየው ከሰሉን ነው። ሳቁ ቆመ።

«ከሰል» አለ ዳኛው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከሰሉ ካለ ድንጋዩ የታለ?»

ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ። ጎረቤቴ ወደኔ ዞረ፤ ዓይኑን መቋቋም አቃተኝ። አላውቅም ልል አፌን ስከፍት ከቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማን። ከዚያ ውሃ በደጃፉ በኩል ፈሰሰ። ከላይ ከዳገቱ የመጣ አይደለም፣ ከቤት ነው የሚወጣው።

ሰዉ ቀድሞኝ በሩ ጋ ደረሰ። እናቴ ምርኩዟን ይዛ ቆማለች። የውሃ ጋኗን ገፍታ ጥላዋለች። ጋኑ በጎኑ ተኝቶ ይንቆረቆራል፤ ከሥሩ የነበረው ጥቁር ድንጋይ ታጥቦ ራቁቱን ወጥቷል። ምንም አልተናገረችም። እኔንም አላየችኝም።

ያን ድንጋይ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አቅፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጉድጓዱ ውስጥ ሳቆመው አለቦታው የገባ ነገር አይመስልም ነበር። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ለኔ የተተረተ መሰለኝ።

ጎረቤቴ ቤቱ ሄዶ የማዳበሪያ ጆንያና አሮጌ ገመድ ይዞ መጣ፤ እጁን በጆንያው ጠቀለለ፤ የከርከሮውን እግር አሰረ። ብቻውን ሲጎትት አልነቃነቅ አለው። ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ያያል። ሄጄ የገመዱን ሌላ ጫፍ ያዝሁ። ሬሳው ሲነቃነቅ ጎርፉ ባንዴ ለቀቀና በቦዩ ተንዶ ወረደ። ከመንደሩ በታች ወዳለው ገደል ጎትተን ቀበርነው።

ከዚያ ጅረት ዳር ተቀምጠን ታጠብን። እሱ ሰባት ጊዜ ቆጥሮ፣ አንዱን ጊዜ በአፈር እያሸ ይታጠባል። እኔም የሱን አይቼ ታጠብሁ።

«ድንጋዩ የት እንደነበር ያውቁ ነበር?» አልሁት።

«ሲተከል ነበርሁ። ከሰሉን ያቀበልሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ተናገርሁ እንጂ መምህር። አርባ ዓመት ተናገርሁ። ይቆፈር ስል አባትህ ዶማ አላስነካም አለ። ማን ሰማኝ?»

ስኳር ድንቹ ግን አልለቅ ብሎኝ ነበር። «ቢሆንም ለከርከሮ እየቀለቡ ሰው ቤት መጥራት…» ስል ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ወላሂ! እኔ ነጃሳ ልቀልብ?» የሚታጠብበትን ጣሳ ጥሎብኝ ሄደ።

ቤት ስደርስ እናቴ የፈሰሰውን ውሃ በመጥረጊያ ታወጣለች። ከአልጋዋ ግርጌ የነበረው የስኳር ድንች ቅርጫት ባዶ ነው። ቅርጫቱን አንስቼ አሳየኋት።

«አንቺ ነሽ?»

መጥረጊያውን አስቀምጣ ተቀመጠች። «አባትህ ሊሞት ሲል በእስጢፋኖስ አስማለኝ» አለች። «ስለ ድንበሩ አፍሽን እንዳትከፍቺ አለኝ። ማልሁለት። የንስሐ አባቴ ደግሞ የሰው ሐቅ ላይ ተኝተሽ አትቆርቢም አሉኝ። መሐላዬን ላፍርስ ወይስ ሳልቆርብ ልሙት? እኔ አፌን አልከፈትሁም ልጄ። ድንች ነው የቀበርሁት። የቆፈረው ሌላ ነው።»

«ለኔ እንኳ…»

«ላንተ?» አለች። «አባትህ ያኔ ንትርኩ ሲጀመር ድንጋዩን ነቅሎ አቅፎት ግራ ቀኝ ሲያይ አየሁት። የት ልጣለው ብሎ ሲዞር ቆይቶ፣ ፈርቶ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ አጋድሞ ቀበረው። ከርከሮው ባወጣው ቀን ደግሞ አንተ አቅፈኸው ገባህ። እሱን መስለህ ነው የገባህ። ለማን ልንገር?»

በፍልሰታ ዕለት እናቴ ቆረበች። እኔ ቤት ቀረሁ፤ ለሰው ከርከሮ ነክቼ ነው አልሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እንደቆረበ ሰው አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ምርኩዟን ይዛ ቀስ ብላ ነበር የምትወርደው። ጎረቤታችን ቦዩ ውስጥ ወርዶ ደለል ያወጣል። ቀና ብሎ «እንኳን አደረሰሽ» አላት፤ እሷም አፏን እንደሸፈነች ራሷን ዝቅ አድርጋ መለሰችለት።

እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። የማየው እናቴን ሳይሆን ዶማውን ነው፤ ደለሉን ወደየትኛው በኩል እንደሚጥለው። ወደ ራሱ በኩል ነበር የሚጥለው። ቢሆንም እስኪጨርስ ድረስ ከዚያ ደጃፍ አልተነቃነቅሁም።